የ90 ሺህ ዶላሩ ኮሌጅ ለማን ያዋጣል?

አምኸርስት፣ ዊልያምስ፣ ስዋርዝሞርና ፖሞናን የመሳሰሉ የአሜሪካ የግል ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ለአንድ ዓመት ትምህርት፣ መኝታና ምግብ የሚጠሩት ዋጋ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሷል። በታክሲ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ቤቱን የሚያስተዳድር ሐበሻ ወላጅ ይህን ሲያይ ልጁ እንዳያመለክት ይከለክላል። ሌላው ደግሞ «ልጄ ከማን ያንሳል» ብሎ፣ ስሙ ብዙም ለማይታወቅ ኮሌጅ በራሱ ስም ብድር ይፈርማል። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ የሁለተኛው ጉዳት ግን ረጅም ዕድሜ አለው።

የሚጠራው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ አንድ አይደሉም። ከላይ የጠቀስኳቸው ኮሌጆች ባለፉት ትውልዶች የተከማቸ ትልቅ ሀብት አላቸው። የቤተሰቡን አቅም ያሰሉና ከዚያ በላይ ያለውን ወጪ በሙሉ ይሸፍናሉ። ዊልያምስ ከ2022 ጀምሮ ብድርን ከድጋፉ ጨርሶ አውጥቶ የማይመለስ ገንዘብ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ፣ ልጁ እዚያ ቢማር የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ገብቶ ከሚማረው ሊረክስ ይችላል። ከባዱ መግባቱ ነው፤ ከመቶ አመልካች የሚቀበሉት አሥር አይሞላም። ያም ሆኖ ውጤቱ የሚፈቅድለትን ልጅ በዋጋው ፈርቶ ማስቀረት አይገባም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ጎበዝ ተማሪዎችን ኩዌስትብሪጅ የሚባለው ፕሮግራምም ከእነዚህ ኮሌጆች ጋር ያገናኛል።

ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ በሕግ ተገደው ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ አኑረዋል። ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት ይዛችሁ፣ ልጃችሁ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት አስሉ። የሚመጣው ቁጥር ግምት ቢሆንም ከተጠራው ዋጋ እጅግ የቀረበ እውነት ይነግራችኋል።

አብዛኞቹ ትናንሽ የግል ኮሌጆች ግን እንደ ዊልያምስ ሀብታም አይደሉም። የእነሱ አሠራር ዋጋውን ከፍ አድርጎ መጥራትና ለሚገባው ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ስኮላርሺፕ በሚል ስም መቀነስ ነው። «30 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አገኘ» ተብሎ ዘመድ ተጠርቶ ይደገሳል። ዋጋው 70 ሺህ ከሆነ ግን የቀረው 40 ሺህ ነው፣ ያውም ለአንድ ዓመት። የድጋፍ ደብዳቤው ሲመጣ የተሰጠውን ሳይሆን የቀረውን ፈልጉ፤ በአራት ዓመት አባዙት። ድጋፉ በየዓመቱ እንዲታደስ ስንት ነጥብ እንደሚጠበቅም ጠይቁ።

ብድሩ ላይ ቆም እንበል። ተማሪው በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ 7,500፣ በአራት ዓመት በድምሩ 27 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ሥራ የያዘ ወጣት የሚችለው ዕዳ ነው። ከዚያ ያለፈው በወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጅ ብድር ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 8.94 በመቶ ወለድ አለው። 60 ሺህ ዶላር በዚህ ወለድ በአሥር ዓመት ለመጨረስ በወር 760 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ አያገኝም። ያ አልበቃ ሲል ኮሌጁ ወይም ባንኩ ወደ ግል ብድር ይመራችኋል፤ እዚያ ዋስ ሆኖ የሚፈርም ወላጅ፣ ልጁ ባይከፍል ራሱ ከፋይ ነው። አቋሜ ግልጽ ነው፦ ከተማሪው 27 ሺህና ከወር ደመወዛችሁ ላይ ልትከፍሉ ከምትችሉት በላይ የሚጠይቅ ኮሌጅ አትምረጡ። በሃምሳ ዓመታችሁ የምትፈርሙት ዕዳ የጡረታችሁን ዓመታት ይበላል።

ትምህርቱስ ያዋጣል? የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የትምህርትና የሥራ ኃይል ማዕከል በ2020 ያወጣው ጥናት ሊበራል አርትስ ኮሌጅ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚያስገኘውን ትርፍ 62 ሺህ ዶላር አድርጎ አስልቶታል፤ የሁሉም ኮሌጆች 107 ሺህ ነው። በ40 ዓመት ግን ነገሩ ተገልብጦ የሊበራል አርትሱ 918 ሺህ፣ የሁሉም 723 ሺህ ሆኗል። ከእነዚህ ኮሌጆች የሚወጡ ብዙዎች ሕግ፣ ሕክምና ወይም ዶክትሬት ስለሚቀጥሉ ፍሬው ይዘገያል። ዕዳ አንገት የሚያንቀው ደግሞ በእነዚያ የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ነው። ያለ ከባድ ዕዳ የገባ ልጅ መጠበቅ ይችላል፤ በዕዳ የገባው ማስተርሱን ትቶ ያገኘውን ሥራ ይይዛል።

ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር በ2002 ባወጡትና በኋላ ባሰፉት ጥናት፣ ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች ስመ ጥር ኮሌጅ ገቡም አልገቡም በኋላ የሚያገኙት ገቢ ብዙ እንደማይለያይ አሳይተዋል። ከዚህ ውጭ የሆኑት ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ናቸው፤ እነሱን ስመ ጥር ኮሌጅ መግባታቸው ጠቅሟቸዋል። ይህ የእኛን ልጆች በቀጥታ ይመለከታል። አባቱ ጠበቃ የሆነ ልጅ የትም ቢማር በር የሚከፍትለት ሰው አለው። የእኛ ልጅ ያንን ሰው የሚያገኘው በስሙ ከሚያውቀው መምህርና ከቀድሞ ተመራቂዎች ነው። ጥናቱ የተናገረው ግን ስለ ስመ ጥሮቹ ነው። ልጁ ነርስ መሆን ከፈለገ ደግሞ አብዛኞቹ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ነርሲንግ የላቸውም፤ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻለዋል።

ስለ ድጋፍ ማመልከቻው ፎርም። አገር ቤት ለእናት ለአባት የምትልኩት ገንዘብ፣ የፌዴራል መንግሥቱ የድጋፍ ማመልከቻ በሆነው በፋፍሳ ላይ የሚቀነስበት መስመር የለም። ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ግን ልዩ ሁኔታችሁን የምትገልጹበት ቦታ አለው። በየወሩ ስንት እንደምትልኩ በዚያ ጻፉ፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም፤ በሲኤስኤስ የሚጠቀሙ ብዙ ኮሌጆች ግን ይቆጥሩታል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቶ ዋጋው የጨመረለት ቤተሰብ በዚህ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። የሥራ ሰዓታችሁ ከተቀነሰ ወይም ሕመም ከገባ፣ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ከሰጠ፣ ለፋይናንሻል ኤድ ቢሮው ጽፋችሁ እንዲታይ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዞን ሳንጠይቅ የምንቀረው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ለቢሮው ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የዘወትር ሥራ ነው። ከተቀበሉኝ እገባለሁ ተብሎ ቀድሞ ቃል በሚገባበት ኧርሊ ዲሲዥን ላይ የሚፈርም ልጅ ግን የሚያወዳድርበት ሌላ ደብዳቤ አይኖረውም፤ ማስያው አስተማማኝ ቁጥር ካልሰጣችሁ አታስፈርሙት።

አነስተኛ ክፍልና ቅርብ መምህር የሚፈልግ ልጅ በርካሽም ያገኛል። ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካምፓስ የመንግሥት ሊበራል አርትስ ተቋማት ናቸው። ኬንታኪ ያለው ቢሪያ ኮሌጅ ተማሪውን እያሠራ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቫ በሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን መሻገር የታወቀ መንገድ ነው።

ትንሽ ኮሌጅ ከመረጣችሁ የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ እንደሆነ ጠይቁ። ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረው ዌልስ ኮሌጅ በኤፕሪል 2024 መዘጋቱን አስታውቆ በዚያው የትምህርት ዓመት ማብቂያ በሩን ዘጋ፤ አላባማ የነበረው በርሚንግሃም ሳዘርንም በዚያው ዓመት ሜይ ተዘጋ። ተማሪዎቻቸው መሃል መንገድ ላይ ሌላ ቤት መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ይህን ሁሉ ለልጁ የምትነግሩት 11ኛ ክፍል ሳለ፣ ግቢ ጎብኝቶ ልቡ ሳይሄድ ነው። «በዓመት ይህን ያህል እንችላለን» ብላችሁ ቁጥሩን ንገሩት። የሚያመለክትባቸውን ሲመርጥ ያንን ቁጥር ይዞ ይመርጣል፤ የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 ሲደርስም የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ታሰላላችሁ።