የኑኃሚን መመለስ
(የአባቶቻቸውን አገር ለሚጎበኙ ልጆችና ለሚቀበሏቸው ምእመናን)

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን ተሰደው በአውሮጳና በአሜሪካ ልጆች ወልደዋል። እነዚህ ልጆች ለገና ወይም ለመስቀል የወላጆቻቸውን መንደር ሊያዩ ሲመጡ በቁምስናዎቻችን እናገኛቸዋለን። በተወለዱበት አገር «ከየት መጣችሁ?» ይባላሉ፤ እዚህ ደርሰው የወላጆቻቸው ቋንቋ ሲያስቸግራቸው ደግሞ «ፈረንጆቹ» ይባላሉ። ስለዚህ «እኛ የየት ነን?» የሚል ጥያቄ ልባቸውን ያስጨንቃል። ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ላይ ምን ያስተምረናል?

ኑኃሚን በረሀብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ተሰደደች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን በዚያ ቀብራ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይታ ስትመለስ የከተማዋ ሴቶች እርሷ መሆኗን ተጠራጠሩ። እርሷም በቀድሞ ስሟ መጠራትን ጠልታ «ማራ»፣ ማለትም መራራ፣ እንዲሏት ጠየቀች (ሩት 1፥19-21)። እንግዲህ የትውልድ አገርን መርገጥ ብቻውን ከእንግድነት አያወጣም።

ታዲያ መመለሷ በምን ተፈጸመ? አስቀድሞ በሕግ ተፈጸመ፤ ቃርሚያ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው እግዚአብሔር አዝዞ ነበርና (ዘሌ. 19፥9-10)፣ ሞዓባዊቷ ምራቷ ሩት በቦዔዝ እርሻ ቃረመች። ቀጥሎ በዝምድና ተፈጸመ፤ ቦዔዝ ሩትን አገባት። በመጨረሻም በጎረቤት ተፈጸመ፤ ሕፃኑ ሲወለድ የዚያችው ከተማ ሴቶች ከኑኃሚን ጋር ደስ ብሏቸው «ኢዮቤድ» ብለው ስም አወጡለት (4፥14-17)። እርሱም የንጉሥ ዳዊት አያት ሆነ፤ መጻተኛይቱ ሩትም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ተቆጠረች (ማቴ. 1፥5)።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ባለ አገርነትን መጪው ይፈልገዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ ይሰጠዋል። በሁለት አገር መካከል የሚጨነቀውም ልጅ ከእምነት አባቶች የራቀ አይደለም፤ አብርሃም ራሱ በተስፋው ምድር ሳለ እግዚአብሔር የሠራትን ከተማ እየጠበቀ በድንኳን እንደ እንግዳ ኖሯልና (ዕብ. 11፥9-10)።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ እንግዳው ልጅ በቋንቋ ቢሰናከል አንሳቅበት። የቅዳሴውን ተሰጥዎ እናስረዳው። በቁምስናው የጥምቀት መዝገብ የአያቱን ስም ፈልገን እናሳየው፤ እርሱ በሩቅ አገር የተቀበላት ጥምቀትም ያችው አንዲቱ መሆኗን እንንገረው።

ለውይይት፦
1. የቤተ ልሔም ሴቶች በመጀመሪያና በመጨረሻ ያደረጉት በምን ይለያያል?
2. በቁምስናችን ለሚመለሱት የተተወ «ቃርሚያ» ምንድን ነው?