ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገና ጌጥ እንስፋ

በዛሬው የእጅ ሥራ ዓምዳችን መርፌና ክር ይዘን መጥተናል። ገና እየደረሰ ስለሆነ ክፍላችንን የምናስጌጥበትን ነገር በገዛ እጃችን እንዴት እንደምንሰፋ እንማማር።

መጀመሪያ ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥን እንንገራችሁ። አምና ለክፍል ማስጌጫ መግዣ ከየተማሪው መዋጮ ተሰብስቦ ነበር። ፊኛ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀትና የፕላስቲክ ኳስ ተገዛ፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ግን መዋጮ ያላመጡ ልጆች የዝግጅቱ ቀን ሳይመጡ ቀሩ። ማንም አትምጡ አላላቸውም፣ አፍረው ነው። ፊኛውም በማግስቱ ፈነዳ፣ ወረቀቱም ነፋስ እየወሰደው ሜዳው ላይ ሲበር ሰነበተ። ስለዚህ ዘንድሮ ክበባችን ያለ መዋጮ እንሞክረው ብሎ ተነሣ።

ታዲያ ጨርቁ ከየት ይመጣል? ከልብስ ሰፊ ቤት ነዋ! ከትምህርት ቤታችን በር ወረድ ብሎ ያሉትን ልብስ ሰፊ “ጋሼ፣ የማይፈልጉት ቁርጥራጭ ካለ ይስጡን?” ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁና “ማታ ከመጥረጌ በፊት ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ” አሉን። ግማሽ ማዳበሪያ ሞላልን። (ስፌት የሴት ሥራ ነው የምትሉ ወንዶች ሄዳችሁ እሳቸውን መኪናው ላይ ብታዩዋቸው ጥሩ ነው።)

ሁሉም ጨርቅ ግን ለሁሉም ነገር አይሆንም። ለጀማሪ የሚሻለው ፖፕሊንና አቡጀዲ ነው፣ መርፌ በቀላሉ ያልፈዋል። ካኪና ጅንስ ጠንካራ ስለሆነ ጣት ያደክማል፤ ግን ቅርጹን አጥብቆ ይይዛል። ሻሽ በጣም ስስ ነው፣ በውስጡ የተጠቀጠቀው ጥጥ ይታያል። የሚያንሸራትተውን፣ ሐር የሚመስለውን ጨርቅ ደግሞ ለጊዜው ተዉት፤ ስትቆርጡት ይሸሻል፣ ጠርዙም ቶሎ ይተረተራል። ብርድ ልብስ የሚመስለው ወፍራምና ለስላሳ ጨርቅ ከተገኘ እሱን አትልቀቁት! ጠርዙ እምብዛም አይተረተርም። ከሁሉ የሚያምረው ካረጀ ነጠላ ጫፍ ላይ የተገኘ ጥለት ነው። ግን አደራ፣ ሳታስፈቅዱ የእናታችሁን ነጠላ እንዳትቆርጡ! “ያረጀ መስሎኝ ነው” የሚለው ምክንያት ቤት ውስጥ አይሠራም።

ከቀላሉ እንጀምር። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ተማሪዎችም የሚሆነው ኳሱ ነው። በገና ጨዋታ በቆልማማ ዱላ የምትመታዋን ኳስ ሩር እንደምንላት ታውቃላችሁ። የእኛም ኳስ ስሟን ከእሷ ተውሳለች፣ ግን አትመታም፣ ትሰቀላለች። ወረቀት ላይ በኮምፓስ የጎን ለጎን ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሥሩና ቁረጡት። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን አስምሩ። ጨርቁ ነጭ ከሆነ በእርሳስ፣ ጥቁር ከሆነ በደረቀ የሳሙና ስባሪ አስምሩ፤ ልብስ ሰፊዎችም እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሲታጠብ ይለቃል። ከቆረጣችሁ በኋላ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ መርፌዋን ወደ ላይ ወደ ታች እያላችሁ ዙሪያውን ስፉ። ክሩን አትቁረጡት። መሐሉ ላይ ጥጥ አድርጉና ክሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ጠርዙ ሽብሽብ ብሎ እንደ ከረጢት አፍ ይዘጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ አፉን ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ቋጥሩ። በቃ! ትንሽ ሎሚ የምታክል ኳስ ሆነች። ሽብሽቡ እንዳይታይ ላዩ ላይ ቁልፍ ወይም ክብ ብጣሽ ስፉበት፣ መስቀያውንም ክር እዚያው አስሩት።

አሁን ወደ ኮከቡ። እዚህ ላይ የሒሳብ ደብተራችሁን አምጡ። ብዙ ሰው ኮከብ የሚሥለው እጁን ሳያነሳ አምስት መስመር እያቋረጠ ነው። ለደብተር ሽፋን ያምራል፣ ለስፌት ግን አይሆንም። ክንዶቹ በጣም ቀጭን ስለሆኑ ጥጥ አይገባባቸውም፣ ጫፋቸውም ይታጠፋል። ለስፌት የሚሆነው ወፈር ያለ ኮከብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ካርቶን ላይ በአንድ መሐል ነጥብ ሁለት ክቦች ሥሩ፤ ትልቁ በኮምፓስ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ 3 ሳንቲ ሜትር ተከፍቶ። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው። ኮከባችን አምስት ጫፍና አምስት ጎድጓዳ አለው፣ በድምሩ 10 ነጥብ። 360ን ለ10 ብናካፍል 36 ዲግሪ እናገኛለን። በፕሮትራክተር በየ36 ዲግሪው ምልክት አድርጉ፤ አንዱን ትልቁ ክብ ላይ፣ ቀጣዩን ትንሹ ክብ ላይ፣ እንደገና ትልቁ ላይ እያላችሁ። ነጥቦቹን በተራ በማስመሪያ ስታገናኙ ኮከቡ ይወጣል። እያንዳንዱ ጎን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለክተን አረጋግጠናል፣ እናንተም ለኩት።

ካርቶኑን ቆርጣችሁ በእሱ ሁለት የጨርቅ ኮከቦች አስምሩና ቁረጡ። ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሟቸው፤ ያማረው ፊታቸው ወደ ውጭ ይሁን። ልብስ ሰፊዎች ከውስጥ ሰፍተው ነው የሚገለብጡት፤ እኛ ግን ኮከብን እንደዚያ ከሰፋነው ስንገለብጠው ጎድጓዳዎቹ ይጨማደዱብናል። ስለዚህ ከውጭ ጠርዙን እየዘመዘምን እንሰፋለን፤ ዝምዝማቱ ራሱ ጌጥ ስለሆነ የክሩ ቀለም ከጨርቁ ቢለይ ያምራል። መርፌዋ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላ ትወጋ፣ ክሩ ጠርዙን ዞሮ ይመለስ፣ እንደገና ግማሽ ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ውጉ። በጣም ጠርዙ ላይ ከወጋችሁ ጨርቁ ይተረተርና ስፌቱ ይለቃል።

ስለ ክሩ አንድ ነገር እንበል። ብዙ ልጅ መርፌ ላለማስገባት ሲል ክሩን እንደ ካይት ገመድ ያስረዝመዋል፤ ከዚያ ግማሹን ሰዓት የተበተበውን ሲፈታ ይውላል። ልኩ አንድ ክንድ ነው፣ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ። አንድ ኮከብ ሦስት ያህል ክር ይጨርሳል፤ ምን ችግር አለ፣ ሲያልቅ ቋጥራችሁ ሌላ ታስገባላችሁ። ክሩ አልገባ ካለ ጫፉን በመቀስ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ዘጠኙን ጎን ከሰፋችሁ በኋላ አንዱን ክፍት ተዉትና በዚያ ጥጡን ጠቅጥቁ። መጀመሪያ ክንዶቹን በእርሳስ ድፍን ጫፍ እየገፋችሁ ሙሉ፣ መሐሉን መጨረሻ። መሐሉን ካስቀደማችሁ ክንዶቹ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ጥጥ ከሌለ የማይረባውን ብጣሽ አድቅቃችሁ መጠቅጠቅ ይቻላል፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ያው ነው። ርግብ፣ ደወልና ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራም በዚሁ መንገድ ይሰፋል፣ የሚለየው የካርቶኑ ቅርጽ ብቻ ነው።

የመርፌን ነገር በቀልድ አንለፈው። በክበባችን ስፌት ከመጀመሩ በፊት መርፌ ይቆጠራል፣ ሲያልቅም ይቆጠራል፤ አንዲት ብትጎድል እስክትገኝ ማንም አይወጣም። በዚያ ክፍል ውስጥ ጠዋት የሚቀመጡት ሕፃናት ናቸው፣ ወለል ላይም ይጫወታሉ። መርፌ አፍ ውስጥ አይያዝም፣ ልብስ ላይም አይሰካም። ሳሙና ላይ ሰኩት፤ አይጠፋም፣ ሳሙናው ስለሚያለሰልሰውም ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ቶሎ ያልፋል።

ጌጡን የምንሰቅልበት ዛፍስ? ዛፍ የማስጌጥ ልማድ ከጀርመን አገር የተስፋፋ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ለሁለት ሳምንት ጌጥ ብሎ እሱን መቁረጥ ለእኛ ልክ አልመሰለንም። ስለዚህ ከግቢያችን የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ አንስተን ጠጠር በሞላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አቆምነው። ቅጠል ስለሌለው እንዲያውም ኮከቡ ጎልቶ ይታያል።

ገናን በቤታቸው የማያከብሩ ጓደኞቻችንም አብረውን ሰፍተዋል። አንዷ ሩሯን ለእናቷ መርፌ መሰኪያ አደረገችላት፤ ሌላው ኮከቡን ቁልፍ መያዣ አደረገው። የሠራችሁትን ለምን እንደምታደርጉት የእናንተ ፈንታ ነው።

ጊዜውን አስሉት። የገና ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፣ ገና ታኅሣሥ 29። (ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ነው።) በሳምንት አንድ ብትሰፉ እንኳ ለበዓሉ ስድስት ጌጥ ይኖራችኋል። የስፌቱ ቀን ሐሙስ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ከክፍል በኋላ፣ የከሰዓት ፈረቃ ከክፍል በፊት ወደ ክበቡ ክፍል ኑ። መቀስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ያሉን ሁለት ብቻ ናቸው። ሌላ ምንም አይጠየቅም።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ክብ ጨርቅ የሠራናት ኳስ የጎን ለጎን ስፋቷ ወደ 3.8 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጨርቁ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኳሷ ስንት ትሆናለች? መልሳችሁን ከነስሌቱ ጽፋችሁ በክበቡ በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩ።