ጋዙ ከባህር ወጣ፤ ገዢውስ ተዘጋጅቷል?

“ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ” የሚለው አባባል ከባህር ወለል በታች ላለ የተፈጥሮ ጋዝም ይሠራል፡፡ ጋዝ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ፋብሪካ ማንቀሳቀሱ ግን ሌላ፡፡ ለዚህ የጋና ተሞክሮ ጥሩ ትምህርት ይሆናል፡፡

ጋና ለረጅም ዘመን በአኮሶምቦ ግድብ ስትተማመን ቆይታ፣ ፍላጎቷ ሲያድግ ከናይጄሪያ በባህር ውስጥ ቧንቧ ጋዝ መግዛት ጀመረች፡፡ ቧንቧው እ.ኤ.አ. በ2012 ተጎድቶ ጋዙ ሲቋረጥ የመብራት እጥረቱ ተባባሰ፡፡ ሕዝቡ “ዱምሶር”፣ ማለትም “ጠፋ በራ” ያለው ዘመን ይኸው ነው፡፡ ነጋዴው ትርፉን ለጄኔሬተር ነዳጅ ገበረ፡፡

መንግሥት መፍትሔውን በራሱ ባህር ፈለገ፡፡ ከምዕራባዊው ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሳንኮፋ ጋዝ የጣሊያኑ ኤኒ፣ ቪቶልና የጋና ብሔራዊ ነዳጅ ኮርፖሬሽን በጋራ እንዲያለሙት ተስማማ፡፡ ባለሀብት ግን ባህር ውስጥ ገንዘብ ከመጣሉ በፊት “ገዢው ባይከፍል ማን ይከፍለኛል?” ብሎ ይጠይቃል፡፡ ለዚህም የዓለም ባንክ በ2015 የ700 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አጸደቀ፡፡ ጋዙም በ2018 የብስ ደረሰ፡፡

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ የሽያጩ ውል “ውሰድ ወይም ክፈል” የሚባለው ዓይነት ነበር፡፡ አሠራሩን በቀላል ምሳሌ ለማየት፣ 100 እጅ ጋዝ የተዋዋለና ቢያንስ የ90ውን ለመክፈል የተስማማ ገዢ 60 ብቻ ቢወስድ፣ የ30ውን ዋጋ ያልተጠቀመበትን ይከፍላል፡፡ ጋዙ የወጣው በምዕራብ ሲሆን፣ ቴማን የመሳሰሉት ትላልቅ ተጠቃሚዎች በምሥራቅ ነበሩ፡፡ ጋዙን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ለማስተላለፍ የሚያስችለው የቧንቧ ሥራ የተጠናቀቀው በ2019 ነው፡፡

ከጋዙ ሌላ የኤሌክትሪክ ግዥ ውሎችም ተደራርበው ነበር፡፡ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኬን ኦፎሪ-አታ በሐምሌ 2019 ለፓርላማ እንደገለጹት፣ አገሪቱ ለማትጠቀምበት የማመንጨት አቅም በዓመት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ትከፍል ነበር፡፡ የመብራት ደንበኛው በሴዲ ሲከፍል የጋዙ ሂሳብ ግን በዶላር በመሆኑ፣ ሴዲ በወደቀ ቁጥር ጉድለቱ ይሰፋል፡፡

ስለዚህ በጋዝ ልማት ወይም በጋዝ በሚሠራ ፋብሪካ ገንዘቡን ሊያውል ያሰበ ሁሉ፣ ከጉድጓዱ ስፋት በፊት ሦስት ነገር ይመርምር፤ ቧንቧው እስከ ተጠቃሚው ይደርሳል? ውሉ ስንት እጁን ያስገድዳል? ክፍያውስ በየትኛው ገንዘብ ነው?