የወፍ ቆሎን ለይቶ ስለ ማወቅና ከሥሩ ስለ መንቀል

ስለ ጽጌው ውበትና ስለ አጥርነቱ ከአሜሪካ ሐሩር አገሮች ወደ ብዙ የዓለም ክፍል የተወሰደው የወፍ ቆሎ፥ በአገራችንም በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ ከግቢ አልፎ የግጦሹን መሬትና የመንገዱን ዳር እየያዘ ይገኛል። ባለ መሬቱ በገጀራ ቢመታውም ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ እየሰደደ ከቀድሞው ይልቅ ይጠቀጠቃልና፥ ድካሙ ከንቱ እንዳይቀር ሥራው በሚከተለው ሥርዐት ሊፈጸም ይገባዋል።

1. መለየት። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሜትር የሚደርሰው ይህ ቁጥቋጦ፥ ለጋ ግንዱ ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ያለውና ወደ ታች የቆለመሙ ጥቃቅን እሾሆች የበቀሉበት ነው። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ሻካራ ነው፤ ሲታሽም ኃይለኛ ሽታ ይሰጣል። በአንዱ የአበባ እቅፍ ላይ መካከሉ ቢጫ ሆኖ ሳለ ቀድመው የፈኩት የዳር አበቦች ወደ ብርቱካንማ፥ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ ኅብር ይለወጣሉ። ሻካራ ቅጠልና ሽታ ለቤተ ዘመዱ ለኮሰረትም አለውና፥ እሾሁንና የአበባውን መለዋወጥ ሳያዩ መቁረጥ አይገባም።

2. ጊዜን መምረጥ። ክረምት መሬቱን ባለሰለሰ ጊዜ፥ አረንጓዴው ፍሬ ጠቁሮ ሳያብረቀርቅ መጀመር ይበጃል፤ የበሰለውን አዕዋፍ በልተው ዘሩን ወደ ሩቅ ስፍራ ይበትኑታልና።

3. መንቀል። አስቀድሞ አልፎ አልፎ የበቀለበትን ዳርቻ አጽድቶ፥ ከዚያ ወደ ጥቅጥቁ መግባት ያሻል። ችግኙ በጓንት ይነቀላል። ትልቁን ግን ለእጅ መያዣ እስከ ጉልበት ድረስ ግንዱን አስቀርቶ፥ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ፥ ግንድና ሥር የሚጋጠሙበትን ጉጥ ሳያስቀሩ ማውጣት ነው፤ ቀንበጡ የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነውና።

4. መቆፈር ሲያቅት። በድንጋይ መካከል የበቀለውን ከመሬት አስጠግቶ ቆርጦ፥ ቁስሉ ሳይደርቅ ወዲያው እንደ ግላይፎሴት ያለ ፀረ አረም መድኃኒት፥ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን፥ በብሩሽ መቀባት ይቻላል። እሳት ብቻውን አያጠፋውም፤ ሥሩ ከተረፈ መልሶ ያቆጠቁጣል።

5. ቁራጩን ማራቅ። ቅጠሉ የከብትንና የበግን ጉበት ይጎዳል፤ የተመረዘውም እንስሳ ቆዳው በፀሐይ ይቆስላል። ያልበሰለው ፍሬም ለሕፃናት አደገኛ ነው። ስለዚህ ቁራጩ እንስሳና ልጅ በማይደርሱበት ደረቅ ስፍራ ይከመር እንጂ በወንዝ ዳር አይጣል፤ እርጥብ አፈር የነካው ግንድ ሥር ይሰዳልና።

6. መተካትና መጠበቅ። ባዶ የቀረውን መሬት በሣር፥ አጥሩንም በአጋም ወይም በቀጋ መተካት ያስፈልጋል። በአፈር ውስጥ የተደበቀው ዘር ዝናብ ባገኘ ቁጥር ስለሚበቅል፥ ከየዝናቡ በኋላ ችግኙን መልቀም ግድ ነው፤ አንድም ችግኝ ያልታየበት ክረምት እስኪያልፍ ድረስ መሬቱ ጸዳ አይባልም።