ሮማንን ቦንሳይ ማድረግ፦ ግንዱ ይቅደም

ቦንሳይ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ጠፍጣፋው ሸክላ ነው። ሮማን ግን ጠባብ ሸክላ ውስጥ ከገባ በኋላ ግንዱ የሚወፍረው እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መሬት ላይ ወይም ሰፊ ባልዲ ውስጥ ያሳልፍ።

መነሻችሁ ቁራጭ ይሁን። ከዘር የበቀለ ሮማን እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ለማበብም ዓመታት ይፈጃል። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ አዲሱ ቡቃያ ሳያቆጠቁጥ፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቁረጡና ሁለት ሦስተኛውን አሸዋማ አፈር ውስጥ ትከሉት። ጥላ ይሁንለት፣ እርጥበት አይለየው፤ በሁለት ወር ገደማ ሥር ይሰዳል። ምርጫ ካላችሁ «ናና» የሚባለውን ድንክ ዝርያ ውሰዱ፤ ቅጠሉም ፍሬውም ትንሽ ነው። የገበያው ሮማን ቅጠሉ በመግረዝ ቢያንስም ፍሬው አያንስም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ዛፍ ላይ ጡጫ የሚያህል ፍሬ ሲንጠለጠል ለዓይንም ለቅርንጫፉም አይመችም።

ግንዱን ለማወፈር አንዱን ቀንበጥ ሳትነኩ ልቀቁት። ሲወፍር ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ከሚያቆጠቁጡት አንዱን መርጣችሁ አዲስ ጫፍ አድርጉት፤ ሲወፍር እንደገና ቁረጡ። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደው ግንድ የሚገኘው በዚህ መደጋገም ነው። ከሥሩ ዙሪያ የሚወጡትን ቀንበጦች ግን ወዲያው ከመነሻቸው ንቀሉ፤ ካልተነቀሉ የዛፉን ጉልበት ይጨርሱታል።

ቅርንጫፉን በሽቦ ማጠፍ ላይ ሮማን ይቅርታ አያውቅም። ያረጀ ቅርንጫፉ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይላል። መታጠፍ ያለበት ቀንበጡ አረንጓዴነቱ ለቆ ቡናማ መሆን ሲጀምር ነው። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ የሚያህል የአሉሚኒየም ሽቦ በ45 ዲግሪ ዘንበል አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ከዚያ በአውራ ጣት ከውስጥ በኩል ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉ። ሽቦው ልጡን ሳይቀረጥፍ እየቆራረጣችሁ አውጡት፤ ወደ ኋላ እየፈታችሁ ካወጣችሁት ቅርንጫፉን ትሰብራላችሁ። ጠመዝማዛ ግንድ የምትወዱ ከሆነ፣ ጃፓኖች ኔጂካን የሚሉት ዝርያ ግንዱ ያለ ሽቦ ራሱ ይጠማዘዛል።

ግንዱ ከደረሰ በኋላ ወደ ሸክላ አዛውሩት፤ ጊዜው ቡቃያው ሲያብጥ ነው። አፈሩ ውኃ የማያቁር ይሁን፦ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የተነፋ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከትንሽ ብስባሽ ጋር ይበቃል። ሥሩን ስትቆርጡ ወፍራሙን በአንድ ጊዜ አትጣሉ። የሮማን እያንዳንዱ ትልቅ ሥር የሚመግበው የራሱን የግንድ ጎን ነው፤ ሥሩ ሲሞት ከላዩ ያለው ልጥ አብሮ ይደርቃል። ያረጁ ሮማኖች ላይ የሚታየው ነጭ ደረቅ እንጨትም ብዙውን ጊዜ እንዲህ የመጣ ነው፤ ታስቦበት ከሆነ ያምራል።

የሁሉም ጥያቄ አበባው ነው። ሮማን የሚያብበው በዚያው ዓመት በወጣው ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፉን በየሳምንቱ የሚቀነጥብ ሰው ቅርጽ ያገኛል፣ አበባ ግን አያገኝም። ሁለቱን በአንድ ዓመት አትፈልጉ። ቅርንጫፎቹ እስኪበዙ ድረስ ቀንበጡ አምስት ስድስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት ጥንድ መልሱት፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ከአበባ በፊት መቀስ አታንሱ። ብዙ አበባ ቢረግፍም አትደንግጡ፤ ታችኛው ጠባብ ሆኖ ደወል የሚመስለው ፍሬ አይሰጥም፣ ፍሬ የሚይዘው ታቹ እንደ እንስራ ያበጠው ነው። አንድ ሁለቱን ትታችሁ የቀረውን ፍሬ ልቀሙ፤ ዛፉ ትንሽ ነው።

ፀሐይ ሙሉ ቀን ያግኝ። ፍሬ ከያዘ ደግሞ አንድ ሰሞን አስጠምቶ በአንዴ ማጥለቅለቅ ልጣጩን ይሰነጥቀዋል፤ ውኃው መጠኑን ይጠብቅ። አዲስ አበባ በረንዳ ላይ የሚያስፈራው ውርጭ ሳይሆን የክረምቱ ዝናብ ነው፤ ሸክላው ውኃ እንዳያቁር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ግን ውርጩ ሳይጠና ቀዝቃዛ ጋራዥ አስገቡት። ቅጠሉ ስለሚረግፍ ብርሃን ብዙም አይፈልግም፤ አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ትንሽ አጠጡት።