ከአስር ሳንቲሙ ላይ ያለው እንስሳ

አስር ሳንቲም እጃችሁ ቢገባ ገልብጣችሁ ተመልከቱት። በአንደኛው ገጽ የአንበሳ ራስ፣ በሌላኛው ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ ታገኛላችሁ። ይህ እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። ሳንቲሙን ስንመነዝር የኖርን ስንቶቻችን ማንነቱን ጠይቀናል?

የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎቻችን እንጂ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በአርሲ ተራሮች ገደለው፤ በ1910 ሪቻርድ ሊደከር የተባለ ተመራማሪ በአዳኙ ስም ሰየመው። የአርሲ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ጎረቤቱ ነበር።

ታዲያ ለምን እየጠፋ ሄደ? አንደኛው ምክንያት ጠመንጃ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቀንዱ ርዝመት ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ አዳኝ የሚመርጠው ትልልቁን ወንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ሕግ አስከባሪ በመጥፋቱ በባሌ ተራሮች ፓርክ ብዙዎቹ ተገድለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ የለውም። ከአሰላ ቀና ብሎ ጭላሎን ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አጋዘኑ ቀን የሚደበቀው በደኑና በአስታው ውስጥ ነው። አስታው ለግጦሽ ይቃጠላል፣ ለማገዶ ይቆረጣል፤ የገብስ ማሳ ደግሞ ዓመት በዓመት ሽቅብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ሥራ ከጀመረ በኋላ ሜዳው በትራክተር ሲታረስ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። የግጦሽ መሬት ሲጠብ ከብቱ ወዴት ይሂድ? ስለዚህ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ጭላሎ ገላማን፣ ካካንና ሁንቆሎን የሚያጠቃልለው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ወሰን በወረቀት ላይ ማስመር ብቻውን እንስሳ አያድንም። ተራራው ሥር የሚኖረው ገበሬ መኖና ማገዶ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ከሌለው፣ ከአደን ፈቃድና ከጎብኚ ከሚገኘው ገንዘብም ቀበሌው ካልደረሰው፣ አጋዘኑን በምን ምክንያት ይጠብቅ?

አውራሪስን እናስታውስ። ጥቁር አውራሪስ በሀገራችን ይኖር ነበር፤ በቀንዱ ምክንያት ታድኖ ዛሬ እንደጠፋ ይነገራል። ቢሆንም በጎረቤት ኬንያ ስላለ አንድ ቀን መልሶ ማምጣት ይቻል ይሆናል። የደጋ አጋዘን ከጠፋ ግን ከማን እንበደራለን? በእጃችን ያለ የዓለም ሁሉ አማና ነው። አማና ደግሞ ባለቤቱ ሲጠይቅ ይመለሳል እንጂ «ሥዕሉ ሳንቲም ላይ አለ» ተብሎ አይታለፍም።