ሞተርና ሸክሙ

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ቀጥለው የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ሰው ከጥንት ጀምሮ ውሃ ከጉድጓድ ሲቀዳም ሆነ ድንጋይ ወደ ካብ ሲያወጣ በገዛ ጡንቻው ወይም በእንስሳት ጉልበት ይረዳ ነበር። ዛሬ ከዚህ ድካም ብዙውን የኤሌክትሪክ ሞተር ተረክቦታል። ይሁን እንጂ አህያ ከልኳ በላይ ስትጫን እንደምትወድቅ ሁሉ፣ ሞተርም ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይቃጠላል። አህያዪቱ ስትደክም ቆማ ታስታውቃለች፤ ሞተሩ ግን እየጋለ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተር ከመገዛቱ አስቀድሞ ሸክሙን በስሌት መመርመር ያሻል።

ስሌቱ ከሥራ ይጀምራል። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ 9.8 ጁል ሥራ ያስፈልጋል። ሥራው ለተከናወነበት ሴኮንድ ሲካፈል አቅም ይገኛል፤ በ1 ሴኮንድ የተሠራ 1 ጁል 1 ዋት ይባላል። ስያሜው የእንፋሎትን ሞተር ላሻሻለው ስኮትላንዳዊ ለጄምስ ዋት (1736-1819 እ.ኤ.አ.) መታሰቢያ ነው። ዋት ሞተሮቹን ከፈረስ ጋር እያነጻጸረ ይለካ ስለ ነበር «የፈረስ ጉልበት» የሚለው መለኪያ ከዚያ ዘመን ቀርቶልናል። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው፤ ይህም 76 ኪሎ ግራም ሸክም በየሴኮንዱ 1 ሜትር ከፍ እንደ ማድረግ ነው።

ለምሳሌ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ከወንዙ 15 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚገኝ የሽንኩርት ማሳው በየደቂቃው 1000 ሊትር ውሃ ለማድረስ ፈለገ እንበል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ሥራው 1000 × 9.8 × 15 = 147,000 ጁል ነው፤ ይህ ለ60 ሴኮንድ ሲካፈል 2450 ዋት ይሆናል። ማኅበርተኞቹም «3 ኪሎ ዋት ከበቂ በላይ ነው» ብለው ገዙና ከፓምፑ ጋር አጋጠሙት። ብዙም ሳይቆይ የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ተቃጠለ፤ ሽንኩርቱም በውሃ ጥም ጠወለገ።

ስሕተቱ ከምን ላይ ነበር? ማባዛቱና ማካፈሉ ትክክል ነው፤ የተዘነጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ ሰበቃ ይገጥመዋል። ሰበቃው በዚህ ቧንቧ ተጨማሪ 3 ሜትር እንደ መውጣት ቢቆጠር፣ ከፍታው 18 ሜትር፣ አቅሙም 2940 ዋት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ከሞተሩ የተቀበለውን ሁሉ ለውሃው አያስረክብም። ብቃቱ 0.6 ከሆነ፣ ከሞተሩ የሚፈለገው 2940 ÷ 0.6 = 4900 ዋት ነው። 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲታከልበት 5390 ዋት ይደርሳል። ከመደበኛዎቹ የሞተር መጠኖች መካከል ከዚህ ቁጥር በላይ የሆነው ቅርቡ 5.5 ኪሎ ዋት ነውና፣ መገዛት የነበረበት እርሱ ነበር።

ታዲያ ለጥንቃቄ ሲባል 15 ኪሎ ዋት ቢገዛስ? ይህም አይመከርም። ዋጋው ይበዛል፤ ሞተርም ከአቅሙ እጅግ ባነሰ ሸክም ሲሠራ ብቃቱ ይቀንሳል።

ለዕቃ ማንሻም ሕጉ ያው ነው። በተለይ ጊዜን ማስተዋል ይገባል፤ አንድን ሸክም በግማሽ ጊዜ ለማንሣት እጥፍ አቅም ያስፈልጋልና።

የቃላት ፍች
ሰበቃ፦ ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ የሚፈጠር ተቃውሞ
ብቃት፦ ለጥቅም የዋለው አቅም ከገባው አቅም ጋር ሲነጻጸር

ጥያቄዎች
1. ማኅበርተኞቹ በስሌታቸው የዘነጓቸውን ሁለት ነገሮች በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. 500 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ በ30 ሴኮንድ 12 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ማንሻ ብቃቱ 0.7 ቢሆን፣ ስንት ዋት የሚሰጥ ሞተር ያስፈልገዋል? መጠባበቂያውን ለብቻ አስሉ።
3. «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር አዛምዳችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።